የሁለት ቀኑ ቃል ደባርቅ ሲደርስ ስንት ቀን ይሆናል?

በቴሌግራም ዕቃ የሚሸጡ የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ከዕቃው ፎቶግራፍ ሥር ሁለት ማስታወቂያ መጻፍ ልማዳቸው ነው። አንደኛው «አዲስ አበባ ውስጥ ያሉበት እናደርሳለን» ሲል፣ ሁለተኛው «ክፍለ ሀገር እንልካለን» ይላል። ገዢው ሁለቱን እንደ አንድ ቢያነባቸውም በንግድ ዓይን ሲታዩ ማድረስና መላክ የተለያዩ ውሎች ናቸው። አደርሳለሁ ያለ ሻጭ ዕቃው ገዢው እጅ እስኪገባ ኃላፊነቱን ይዟል። እልካለሁ ያለው ግን ዕቃውን አውቶቡስ ላይ አስጭኖ፣ የታርጋ ቁጥሩንና የሾፌሩን ወይም የረዳቱን ስልክ ለገዢው ከነገረ ሥራው አልቋል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜም ሆነ ሥጋት የገዢው ነው።

ይህ ልዩነት ቦሌና ፒያሳ ላይ ብዙም አይሰማም። ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን በሚወስደው አስፋልት አምባ ጊዮርጊስን፣ ቀጥሎም ዳባትን አልፎ 100 ኪ.ሜ. ያህል ለተጓዘ ሰው ግን ዋናው የገበያ ጥያቄ ይሆንበታል። ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ፣ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያና የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ከመርካቶ የተነሣ ጥቅል እዚያ እስኪደርስ ከ800 ኪ.ሜ. በላይ ይጓዛል። የደባርቅ ገዢ የሚያየው ማስታወቂያ የቦሌው ሸማች የሚያየው ያው ማስታወቂያ ነው። ፎቶግራፉ አንድ፣ ዋጋው አንድ፣ ገንዘቡ የሚላክበት ቁጥርም አንድ ነው። ቀኑ ብቻ ይለያል።

በሌላው ዓለም የኢንተርኔት ግብይት የደረሰበት ደረጃ ደግሞ ይኸንኑ ቀን ራሱን የቻለ ሸቀጥ አድርጎ መሸጥ ነው። የዓመት ወይም የወር የአባልነት ገንዘብ የከፈለ ደንበኛ ዕቃው ፈጥኖ ይደርሰዋል፤ በየጥቅሉም የማጓጓዣ ሒሳብ አይጠየቅም። አዲስ ደንበኛ ሲመጣም ለጥቂት ሳምንታት በነፃ እንዲሞክር ይጋበዛል። አሠራሩን ወደ አገር ውስጥ ለማምጣት የሚያስቡ ባለ ሀብቶችም ሆኑ ክፍያ የሚጠየቀው የክፍለ ሀገር ነጋዴ፣ በዚህ ውል ውስጥ ምን እንደሚሸጥና ምን እንደሚገዛ ከወዲሁ ቢያውቁት ይበጃል።

አባልነት ምን ይሸጣል?

የአሜሪካው አማዞን «ፕራይም» የተሰኘውን አባልነት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን፣ ክፍያው በዓመት 79 ዶላር ነበር። በምትኩ ኩባንያው አባሉ የሚያዘውን ዕቃ በየጊዜው ሳያስከፍል በሁለት ቀን ውስጥ ለማድረስ ቃል ገባ። ክፍያው በ2014 ወደ 99፣ በ2018 ወደ 119፣ በ2022 ደግሞ ወደ 139 ዶላር ከፍ ብሏል። ዋጋው ይህን ያህል ቢጨምርም ደንበኛው አልሸሸም። እ.ኤ.አ. በ2021 የአባላቱ ቁጥር በዓለም ዙሪያ ከ200 ሚሊዮን ማለፉን ኩባንያው አስታውቋል።

ከፍሎ ደንበኛ መሆን በራሱ የኢንተርኔት ዘመን ፈጠራ አይደለም። «ፕራይስ ክለብ» የተባለው መደብር እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያዋ ሳንዲዬጎ ሲከፈት የመግቢያ አባልነት ያስከፍል ነበር። በኋላ ከእርሱ ጋር የተዋሐደው ኮስትኮም እስከ ዛሬ በዚሁ ይሠራል። መደብሩ በዕቃው ላይ የሚይዘውን ትርፍ ዝቅ አድርጎ ዋናውን ገንዘብ ከአባልነቱ ያገኛል። አባሉም የከፈለውን ለማካካስ ሲል ከሌላ ሱቅ ይልቅ እዚያው ይመላለሳል።

ለአገራችን አንባቢ የሚቀርበው ምሳሌ ዕድር ነው። ዕድርተኛው በየወሩ የሚከፍለው ችግር በደረሰ ቀን ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ሰውም ሳይጓደል እንዲገኝለት ነው። ድንኳኑ ከቀብሩ በኋላ በሳምንቱ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ መዋጮውን የሚከፍል አይገኝም ነበር። የአባልነት ገንዘብም እንዲሁ የቀጠሮ ዋጋ ነው፤ ቀጠሮው ካልተከበረ የተሸጠ ነገር የለም።

ቀጠሮውን ለማክበር ያስቻለው ደግሞ የመኪናው ፍጥነት ብቻ እንዳልሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። አማዞን ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰው ገዢው ገና ሳያዝ ዕቃውን ወደ ገዢው ሰፈር በሚያስጠጉ መጋዘኖች ላይ ነው። መጋዘን በራቀበት ቃሉም ይላላል። አላስካና ሐዋይ የሚኖር አባል እኩል ከፍሎ ዕቃው በአብዛኛው ከሁለት ቀን በላይ ይፈጅበታል። እዚያው አሜሪካ ውስጥም ቢሆን ክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ነው።

ፕራይም በዘመድ በኩል

የሁለት ቀኑ ቃል ለኢትዮጵያ አድራሻ አይሠራም። ሆኖም ፕራይም ደባርቅና ዳባት አልደረሰም ማለት አይቻልም፤ የሚደርሰው በዘመድ በኩል ነው። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ የሚኖር ወንድም የተጠየቀውን ጫማ፣ የእጅ ስልክ ወይም የላፕቶፕ ባትሪ በአባልነቱ ያዛል። ዕቃው በሁለት ቀን በሩ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ይፈለጋል። ተጓዡ የተፈቀደለት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ሲሆን፣ ለራሱ ቤተሰብ ከያዘው የተረፈችውን ኪሎ ለማን እንደሚሰጥ መለመን የማስታወቂያ ቃል የማይጠቅሰው የማጓጓዣ ክፍያ ነው። ሻንጣው አዲስ አበባ ገብቶ ከተፈታ በኋላ ደግሞ ወደ ጎንደር የሚወጣ ሌላ ሰው፣ ከጎንደርም ወደ ደባርቅ የሚሳፈር ሌላ ሰው ያስፈልጋል። የብዙዎች የማድረሻ ቀን ዳያስፖራው ወደ ጎንደር የሚመጣበት ጥምቀት ነው።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አባልነቱ የሸፈነው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ብቻ ነው። የቀሩት ሳምንታት በዝምድና የሚከፈሉ ናቸው። ለአንድ ጥንድ ጫማ ይህ መንገድ ያዋጣል። ዕቃ አዙሮ ለሚሸጥ ነጋዴ ግን የማይታሰብ ነው፤ በግል መገልገያ ስም የገባ ዕቃ ለንግድ ሲውል የጉምሩክ ጥያቄ ማስነሳቱም አይቀርም።

ከዚሁ ዝምድና በተቃራኒው አቅጣጫ የተሠራ ንግድ ግን ገና ቀድሞ ተሳክቶ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ «ኢትዮጊፍት» የተሰኘው ድረ ገጽ ውጭ አገር ያለው ሰው በካርድ እየከፈለ፣ አገር ቤት ያለው ቤተሰብ ደግሞ በግ ወይም ኬክ ቤቱ ድረስ እንዲመጣለት ያደርግ ነበር። በጉ ባሕር አልተሻገረም፤ የተሻገረው ገንዘቡ ብቻ ነው። ዕቃው ከተቀባዩ አጠገብ ስለተገዛ የበዓሉን ቀን ማክበር ተቻለ። የአማዞን መጋዘን የሚሠራው ሥራም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከአገር ውስጥ ሆኖ በቀጥታ የውጭ አባልነት ለመግዛት ለሚያስበው ደግሞ መጀመሪያ የሚያጋጥመው የምንዛሪው ጉዳይ ነው። የብር ሒሳብ ካርድ ከውጭ ሻጭ ዘንድ አይሠራም፤ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ወይም በውጭ ገንዘብ የተሞላ ካርድ ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላሩ በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ሒሳብ 139 ዶላር 7,923 ብር ይሆናል። ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍ ያው አባልነት ከ13,900 ብር በላይ ሆነ። ለዚያውም ለማይደርስ ቃል።

ነፃ ሙከራና ካርዱ

ገበያ ላይ ማር የሚገዛ ሰው በጣቱ ቀምሶ ነው የሚገዛው። ካልጣመው ምስጋና አቅርቦ ወደሚቀጥለው ሻጭ ያልፋል፤ ሻጩ የቀማሹን ኪስ ይዞ አይቀርም። የኢንተርኔቱ ቅምሻ ግን ኪስ ይዞ ይጀምራል። የፕራይም የነፃ ሙከራ 30 ቀን ሲሆን፣ ለመጀመር የካርድ ቁጥር መስጠት ግድ ነው። በ30ኛው ቀን ሙከራውን ያልሰረዘ ሰው በፈቃዱ እንደቀጠለ ተቆጥሮ ከካርዱ ይቆረጥበታል። ሻጩ የሚተማመነው በዕቃው ጥራት ብቻ ሳይሆን በደንበኛው መርሳትም ነው።

ይህ መርሳት ምን ያህል ገንዘብ እንደሆነ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ታይቷል። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 አማዞንን ሲከስ፣ ደንበኞች ሳያውቁት አባል እንዲሆኑ ተደርገዋል፤ ለመውጣት ሲፈልጉም መንገዱ ሆን ተብሎ ተወሳስቦባቸዋል የሚል ነበር። በክሱ እንደተገለጸው ኩባንያው የመሰረዣውን ሒደት በውስጥ የሚጠራው «ኢሊያድ» በሚል ስም ነው። ስለ ረጅሙ የትሮይ ጦርነት የሚተርከውን የሆሜርን ግጥም መሆኑ ነው። ስም አውጪው ቢያንስ ሐቀኛ ነበር። ጉዳዩ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ሲዘጋ፣ ከዚህ ውስጥ 1 ቢሊዮኑ ቅጣት፣ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ሆኖ ተወስኗል።

በአገር ውስጥ ተመሳሳይ አባልነት ለመጀመር የሚያስብ ሰው ይህን የገቢ ምንጭ አስቦ ከሆነ ስሌቱን ቢያስተካክል ይሻለዋል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለውና ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ያሉት ቴሌብር፣ እንደ ሌሎቹ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች ሁሉ፣ በአብዛኛው የሚከፍለው ባለቤቱ በየጊዜው የምስጢር ቁጥሩን ሲያስገባ ነው። ሙከራው ሲያልቅ ደንበኛው ዝም ካለ ክፍያው አይፈጸምም። በአሜሪካ ዝምታ «አዎ» ሲሆን እዚህ «አይ» ነው። ይህም ለሸማቹ መልካም ሲሆን፣ ድርጅቱ ግን በየወሩ ደንበኛውን እንደ አዲስ ማሳመን ይኖርበታል።

ሌላው ብዙ የማይታሰብበት ነገር ሙከራው የሚለካበት ሚዛን ነው። ሙከራ የሚሰጠው በቀን ቢሆንም የሚሞከረው በጥቅል ነው። ዕቃ በዕለቱ ለሚደርሰው የአዲስ አበባ ደንበኛ 30 ቀን ሃያና ሠላሳ ጊዜ ለማዘዝ ይበቃል። ጥቅሉ 10 ቀን ለሚፈጅበትና አንዱ ሳይደርስ ሌላውን ለማዘዝ ለማይደፍረው የደባርቅ ነጋዴ ግን 30 ቀን ማለት ሦስት ጥቅል ነው። አንዱ መንገድ ላይ ከዘገየ ደግሞ ሁለት ይሆናል። በሁለት ጥቅል አገልግሎት አይመዘንም። ክፍለ ሀገርን የሚፈልግ ድርጅት ሙከራውን በቀን መስጠቱን ትቶ «የመጀመሪያዎቹ አምስት ጥቅሎች» ቢል ይሻለዋል።

ገንዘብ መንገድ ላይ ሲያድር

ለነጋዴው ዋናው ነገር የማጓጓዣ ሒሳቡ ሳይሆን ገንዘቡ መንገድ ላይ የሚያድርበት ጊዜ ነው። ለምሳሌ ያህል ደባርቅ ላይ የእጅ ስልክ መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው 60,000 ብር መነሻ አለው እንበል። በእያንዳንዱ ዙር ወጪው ተቀንሶ 5 በመቶ፣ ማለትም 3,000 ብር ያገኛል፤ ዕቃውን ሸጦ ለመጨረስም 7 ቀን ይበቃዋል።

ዕቃው ከአዲስ አበባ በ3 ቀን ቢደርሰው አንድ ዙር 10 ቀን ይፈጃል። በዓመት 36 ዙር ያዞራል፤ 108,000 ብር ያተርፋል። ያው ዕቃ 13 ቀን ቢፈጅበት ግን ዙሩ 20 ቀን ሆኖ በዓመት 18 ጊዜ ብቻ ያዞራል፤ ትርፉም 54,000 ብር ይሆናል። የዕቃው ዋጋ አልጨመረም፤ የማጓጓዣውም ያው ነው። አሥር ቀን መዘግየት ብቻውን የዓመቱን ትርፍ በግማሽ ቆረጠው።

እዚህ ላይ በዓመት 2,400 ብር ከፍለህ የማጓጓዣ አትጠየቅም የሚል አባልነት ቢቀርብለትስ? ለአንድ ጥቅል የሚከፍለው 200 ብር ከሆነ በ12 ጥቅል ገንዘቡን ይመልሳል። በዓመት አራት ጊዜ የሚያዝ የመንግሥት ሠራተኛ ይከስርበታል፤ ነጋዴው ያተርፍበታል። ይሁን እንጂ በዚህ ስሌት ነጋዴው የሚያድነው በሺህ የሚቆጠር ብር ሲሆን፣ በቀኑ የሚያጣው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። በነፃ ማድረስ ከሚለው ቃል ይልቅ በ3 ቀን ማድረስ የሚለው ቃል በብዙ እጥፍ ውድ ነው። 2,400 ብሩን የሚያወጣው ለነፃው ከሆነ አነስተኛ ጥቅም ገዝቷል። ለቀኑ ከሆነና ቀኑ ከተከበረለት ግን እጥፉን ቢጠየቅም አይከፋም።

የጎንደር ጅምላ ነጋዴ በኢንተርኔቱ ዘመን ለምን እንዳልተነቀለም ከዚሁ ስሌት ይታያል። ከላይ የተጠቀሰው ባለ ሱቅ ዕቃውን ከጎንደር 3 በመቶ ጨምሮ ቢገዛ የዙሩ ትርፍ ወደ 2 በመቶ፣ በግምት ወደ 1,200 ብር ይወርዳል። ነገር ግን ጠዋት ሄዶ ማታ ስለሚመለስ ዙሩ 8 ቀን ብቻ ይሆናል። በዓመት 45 ዙር ሲባዛ 54,000 ብር ይመጣል፤ ከአዲስ አበባ በርካሽ ገዝቶ 13 ቀን ከጠበቀው ጋር እኩል ነው። የጎንደሩ ጅምላ ነጋዴ በላዩ የሚጥለው 3 በመቶ እንግዲህ ስም ያልወጣለት የአባልነት ክፍያ ነው። የተበላሸውን ዕቃ በማግስቱ መልሶ መቀየርም በዚያው ውስጥ አለበት።

መንገዱ ሰላም በማይሆንበት ጊዜ ደግሞ ስሌቱ ጨርሶ ይፈርሳል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ መንገዱም በግጭቱ ሳቢያ ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል። በዚያ ወቅት የዓመት አባልነት ከፍሎ የነበረ ሰው ቢኖር ዓመቱ መቁጠሩን አያቆምለትም ነበር። አስቀድሞ በዓመት መክፈል ማለት የአገሩን ፀጥታ ሥጋት ከሻጩ ትከሻ አንሥቶ ገዢው ላይ መጫን ነው። ስለሆነም በዚህ መስመር አባልነት የሚገዛ ነጋዴ አገልግሎት የተቋረጠባቸው ቀናት በመጨረሻ ላይ እንዲታከሉለት የሚል አንቀጽ በውሉ ውስጥ መኖሩን ሳያይ ገንዘብ ባይልክ ይመረጣል።

ማን ይጠብቅ?

የደባርቅና የዳባት ሱቆች የራሳቸው የአባልነት ሥርዓት ከጥንትም አላቸው፤ የዱቤ መዝገብ ይባላል። በመዝገቡ ላይ ስሙ ያለው ደንበኛ ዛሬ ይወስዳል፣ ደመወዝ ሲወጣ ወይም እህል ሲሸጥ ይከፍላል። ጠባቂው ሻጩ ነው። የቴሌግራሙ ግብይት ይህን ገልብጦታል። ገዢው ዛሬ ይከፍላል፣ ዕቃውን ግን ይጠብቃል። ክፍለ ሀገር የሚልክ ሻጭ ሙሉውን ወይም ግማሹን ቅድሚያ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ 800 ኪ.ሜ. ርቆ ለሄደ ዕቃ ገዢው ሐሳቡን ቢቀይር መመለሻው የሻጩ ኪሳራ ይሆናልና። ሁለቱም የሚፈሩት ነገር እውነተኛ ነው።

ሕጉ ለገዢው የሰጠው መከላከያ በዚህ ርቀት ላይ ይሳሳል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ሱቅ ገብቶ ለሚገዛ 15 ቀን በቂ ነው። ከፍሎ 13 ቀን ለጠበቀ ሰው ግን መብቱ የቀረው ለሁለት ቀን ነው፤ ዕቃውን መልሶ አውቶቡስ ላይ ለመጫን እንኳ አይበቃም። ቀኑ ከክፍያ ወይስ ከርክክብ ይቆጠር የሚለው ጉዳይ ለሕግ ባለሙያዎች የቃላት ክርክር ሊሆን ይችላል፤ ለደባርቅ ገዢ ግን መብቱ መኖርና አለመኖሩ ነው።

የሌሎች አገሮች ገበያ ይህን ፍርሃት የፈታበት መንገድ ለአስመጪዎቻችን አዲስ አይሆንባቸውም። የባንክ መተማመኛ ሰነድ የከፈተ አስመጪ ገንዘቡን በቀጥታ ለሻጩ አይልክም፤ ባንኩ የሚከፍለው የመጫኛ ሰነዱ ተሟልቶ ሲቀርብለት ነው። የቻይናው አሊባባ ይህንኑ አሠራር ወደ ችርቻሮ አወረደው። እ.ኤ.አ. በ2003 የከፈተው ታኦባኦ የተባለው ገበያው ሻጭና ገዢ ስለማይተዋወቁ ሲቸገር፣ የገዢውን ገንዘብ መሐል ላይ ይዞ ዕቃው መድረሱ ሲረጋገጥ ለሻጩ የሚለቅ አገልግሎት አቋቋመ። አሊፔይ የተባለው የክፍያ ድርጅት የተወለደው ከዚህ ነው። ቻይናውያኑ ገዢ መጀመሪያ ያስፈለገው ገንዘቡ እንደማይጠፋ ማወቅ ነበር፤ ፍጥነቱ በኋላ መጣ።

በእኛም አገር ለዚህ የሚሆነው መሠረት ተጥሏል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። ኢትዮ ቴሌኮም «ዘመን ገበያ» የተባለውን የመገበያያ መድረክ ከፍቶ ክፍያውን ከቴሌብር ጋር አገናኝቷል። የገዢው ገንዘብና የሻጩ ሒሳብ በአንድ ቋት ውስጥ በሚገናኙበት ቦታ ገንዘቡን ዕቃው እስኪደርስ መያዝ የቴክኒክ ችግር አይሆንም። የሚቀረው ዕቃው ደባርቅ መድረሱን አይቶ የሚመሰክር ሰው ነው። የፖስታ ሳጥን እንጂ የቤት ቁጥር ባልተለመደበት አገር ምስክሩ ቋሚ መረከቢያ ሱቅ መሆን ይኖርበታል። አውቶቡስ ተራው አጠገብ ያለ፣ ጠዋት ተከፍቶ ማታ የሚዘጋ፣ ጥቅሉን በገዢው ፊት ከፍቶ አይቶ በስልክ «ደርሷል» የሚል አንድ ባለ ሱቅ ይበቃል። በየጥቅሉ አነስተኛ ኮሚሽን ቢታሰብለት ከመደበኛ ንግዱ ጎን ለጎን ይሠራዋል።

ለባለ ሀብቱ የሚቀረው ጥያቄ መጋዘኑ የት ይሁን የሚለው ነው። መልሱ ከደባርቅ ይልቅ ወደ ጎንደር ያደላል። ጎንደር ላይ የተቀመጠ ዕቃ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትንና ደባርቅን በአንድ መስመር ያዳርሳል፤ የማይሸጠውንም በከተማው ገበያ ማራገፍ ይቻላል። በየቀኑ የሚፈለጉት ዕቃዎች ብዛት ጥቂት ነው። የስልክ ስክሪንና ባትሪ፣ ቻርጀር፣ የልብስ ስፌት መለዋወጫ፣ የፀሐይ ብርሃን መብራት፣ ለተማሪው ደግሞ ፍላሽና የጆሮ ማዳመጫ ናቸው። ሙሉውን የመርካቶ ዝርዝር በ3 ቀን አደርሳለሁ ከማለት ሃምሳ ዓይነት ዕቃ በማግስቱ አደርሳለሁ ማለት ቀላልም ርካሽም ነው።

ከደባርቅ ወዲያ ያለው ሌላ ሒሳብ ነው። ከጃናሞራና ከበየዳ ለሚመጣው፣ በሊማሊሞ ቁልቁለት ግርጌ ለሚኖረው ገበሬ ጥቅሉ ሰኞ ደረሰ ማክሰኞ ለውጥ የለውም፤ ከተማ የሚወጣው በገበያ ቀን ነው። በበቅሎም ሆነ በእግር የሚመጣው ሰው ጊዜውን የሚቆጥረው በገበያ ነው፤ «የዛሬ ገበያ»፣ «የሚቀጥለው ገበያ» ይላል። ከአዲስ አበባ እስከ ደባርቅ አንድ ሳምንት የሚፈጅ አገልግሎት ለዚህ ገዢ ቀርፋፋ አይደለም። በገበያው ዋዜማ ማታ እንዲደርስ ሆኖ ከተጫነ በሁለተኛው ገበያ ዕቃውን ያገኛል። በገበያው ማግስት ከደረሰ ግን መረከቢያው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ስድስት ቀን ያድራል፤ ገንዘቡም አብሮት ያድራል። ስለዚህ በዚህ መስመር የሚሠራ አስጫኝ ከመርካቶ ጥቅሉን የሚያስነሣበትን ቀን የሚወስነው ከደባርቅ የገበያ ቀን ወደ ኋላ እየቆጠረ ይሆናል።